ቀለሙ ጠፋ ማለት ውሃው ጸዳ ማለት አይደለም

በብርሃን የሚሠሩ ናኖ ቁሶችን በቤተ ሙከራ ስንፈትሽ አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ሜቲሊን ብሉ በተባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ነው። ሰማያዊው ውሃ ላይ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነጭ ዱቄት ተጨምሮ መብራት ሲበራበት ቀለሙ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ተማሪዎች ደስ ይላቸዋል፤ ደስታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ሁሌም «ቀለሙ የት ሄደ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ፎቶካታሊሲስ የሚባለው ይህ ዘዴ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ሳይንቲስቶች፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን ሊከፍል እንደሚችል አሳዩ። ብርሃኑ በቁሱ ውስጥ ኤሌክትሮንን ከቦታው ያስነሳል፤ ኤሌክትሮኑ የለቀቀው ክፍት ቦታ ደግሞ ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጥራል። ይህ ራዲካል አብዛኛውን ካርቦናዊ ውህድ ያጠቃል። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ከውሃው ጋር የሚነካካው ገጽ ይሰፋል፤ ናኖ መጠን የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ቀለም በሌላም መንገድ ይጠፋል። ሞለኪውሉ ሳይፈርስ ዱቄቱ ላይ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል፤ ዱቄቱ ሲጣራ ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። ሜቲሊን ብሉ ኤሌክትሮን ሲቀበል ቀለም አልባ ይሆንና አየር ሲያገኝ ተመልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለም የሚሰጠው የሞለኪውሉ ክፍል ብቻ ተሰብሮ፣ የተቀሩት ስብርባሪዎች ለዓይን ሳይታዩ ውሃው ውስጥ ሊቆዩም ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ከመነሻው የባሰ መርዛማ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ከመብራቱ በፊት ዱቄቱና ውሃው በጨለማ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እንዲማሰሉ አደርጋለሁ፤ የተለጠፈው የሚለየው ያኔ ነው። ዱቄት የሌለበት ውሃም ለብቻው ብርሃን ይበራበታል። በመጨረሻም በውሃው ውስጥ የቀረው ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ይለካል። ቀለሙ ጠፍቶ ካርቦኑ ካልቀነሰ ሥራው ገና ነው።

ከተጣራ ውሃ ወደ ወንዝ ውሃ ስንሻገር ፈተናው ይጠነክራል። የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል፤ በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ ይመረትበታል። እንዲህ ያለ ድፍርስ ውሃ ብርሃን አያሳልፍም፤ በውስጡ የሟሟው ባይካርቦኔትም ራዲካሉን ይሻማል። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚጠቀምበት አልትራቫዮሌት ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም ደግሞ ንጥረ ነገር ስለሆነ አይፈርስም፤ መርዛማው ዓይነት ወደ ቀለለው ቢለወጥም ከውሃው መውጣት አለበት። ዱቄቱ ራሱም ወንዝ ውስጥ መቅረት የለበትም፤ መስታወት ወይም ሌላ ጠንካራ ነገር ላይ ማጣበቅ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምለው በዘዴው ስለማምን ነው። ፍሳሹ ዝቃጩ ወርዶ፣ በባክቴሪያ ታክሞ ካለፈ በኋላ፣ ባክቴሪያ ያልደፈረውን ማቅለሚያና የመድኃኒት ቅሪት ለማፍረስ ፎቶካታሊሲስ ጥሩ የመጨረሻ ደረጃ ይሆናል። ለዚህ ግን ጥናቶቻችን «98 በመቶ ቀለም ጠፋ» ብለው መቆም የለባቸውም። የቀረው ካርቦን ስንት ነው? ስብርባሪዎቹ ምንድን ናቸው? በእውነተኛ ፍሳሽ ተሞክሯል? ዱቄቱስ ስንት ጊዜ ያገለግላል? በወንዙ ውሃ አትክልት ለሚያጠጣው ገበሬና ያንን ለሚመገበው የከተማ ሰው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አለብን።