ተጨማሪ መረጃ፦ ሰባ ሁለት ሰዓት

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት የሐይቅ ከተማን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ተገዳ የተደፈረች ሴት የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለባት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ያኔ ግን መንገዱ ተዘግቷል፣ የደሴ ሆስፒታል ሳይቀር ተዘርፏል። «ሰው ምን ይለኛል» ብላ ዝም ያለችውማ ሰዓቱ አልፎባታል።

የሕግ ባለሙያዋ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዲስ አበባ ላይ የጀመረውን ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች የማስጠለል ሥራ ደሴም አድርሶታል። ተጎጂዋ ልጆቿን ይዛ ወደ መጠለያው ትገባለች፤ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክርና የሕግ ድጋፍ ታገኛለች፤ ሙያም ትማራለች። የእንዲህ ያለ መጠለያ አድራሻ ለማንም አይነገርም፤ አጥቂው ፈልጎ እንዳይመጣ ነው።