ሲጋራ ነክተው የማያውቁ እናት ለምን ትንፋሽ ያጥራቸዋል?

ከመርሳ ገበያ ሲመለሱ ሦስቴ አረፍ የሚሉ፣ ሌሊት ሳል የሚቀሰቅሳቸው፣ "እርጅና ነው" ተብለው የሚታለፉ ሰዎች በየቤታችን አሉ። ሁሌ እርጅና ላይሆን ይችላል።

በሕክምናው አጠራር ሲኦፒዲ የሚባል ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ አለ። ለዓመታት የተሳበ ጭስና አቧራ የሳንባን የአየር ቱቦዎች ሲያጠብ ይመጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2021 (እ.ኤ.አ.) 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል።

👉 የሚይዘው አጫሽን ብቻ ነው?

አይደለም። በሀብታም አገሮች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ከትምባሆ ይመጣል፤ እንደኛ ባሉ አገሮች ግን የትምባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። እኛ ጋ በእንጨትና በኩበት የሚነድ ምድጃ ዋና ተጠርጣሪ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 1.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ "ያጨሳሉ?" ብሎ ብቻ የሚጠይቅ፣ ምድጃ ሥር ዕድሜዋን የጨረሰችውን እናት ይስታታል።

👉 ኑሮን ምን ያህል ይጎዳል?

ሐኪሞች ይህን የሚለኩባቸው 8 ጥያቄዎች አሉ፦
▪️ ሳል
▪️ አክታ
▪️ የደረት መጨነቅ
▪️ ዳገት ወይም ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር
▪️ የቤት ሥራ መሥራት አለመቻል
▪️ ከቤት ለመውጣት መፍራት
▪️ እንቅልፍ
▪️ ጉልበት

እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ወደ 40 በተጠጋ ቁጥር ኑሮው ከብዷል ማለት ነው።

👉 ምን ይደረግ?

ለአጫሹ፦ ማቆም። የተጎዳው ሳንባ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ግን ጉዳቱ የሚጨምርበት ፍጥነት ይቀንሳል። "አሁንማ ምን ዋጋ አለው" አይባልም።

ለእናት፦ እንጀራ መጋገር አቁሚ አይባልም! ግን ደረቅ እንጨት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ፣ ክፍት መስኮት፣ መብራት ባለበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይረዳል። ተራ ገብቶ ማገዝም እንዲሁ።

ሳል 2 ሳምንት ካለፈ ቲቢም ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሪፈር ከተጻፈ ወልድያ ሆስፒታል አለ። ሲኦፒዲ ጨርሶ ባይድንም ፓፍና ሌሎች መድኃኒቶች ትንፋሽን ያቀላሉ። ስትመረመሩ ስለ ምድጃው ጭስም ለሐኪሙ ንገሩ።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ማድ ቤት ገብቶ ጭሱን የሚያስቆም ደንብ አስከባሪ ግን የለም። እሱ የኛ ሥራ ነው።

ዛሬ ቤት ስትገቡ እናታችሁን አንድ ነገር ጠይቋት፦ "እማ፣ ዳገት ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሻል?"