ስብራትን ስለ ማከም፤ የወጌሻ እጅ፥ የሐኪም ጄሶና የትምህርት ድርሻ

ሕክምና ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው መድኃኒት መዋጥና መርፌ መወጋት ነው። ነገር ግን አንድን ጉዳት ለማዳን ብዙ ዓይነት መንገድ አለ፤ በእጅ ማሸት፥ በእንጨት መደገፍ፥ በጄሶ ማሰር፥ በቀዶ ጥገና ማቃናትና ሰውነትን በእንቅስቃሴ ማለማመድ የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ ልዩ ልዩ መንገዶች ጐን ለጐን በግልጽ ከሚታዩባቸው ጉዳቶች አንዱ የዐጥንት ስብራት ስለ ሆነ፥ በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ እርሱ ልናስረዳ አስበናል። ዓላማችን ወጌሻን ለመንቀፍ ወይም ሐኪምን ለማወደስ አይደለም፤ የሁለቱን ሥራ ከነምክንያቱ ገልጠን፥ በመካከላቸው ባለው ክፍተት የሚጠፋውን እጅና እግር ለማሳየት ነው።

ሀ. ዐጥንት እንዴት ይገጥማል?

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ዐጥንትን የሚያገጥመው ወጌሻም ሐኪምም ሳይሆን ሰውነቱ ራሱ መሆኑ ነው። ዐጥንት ሲሰበር በስብራቱ ዙሪያ ደም ይፈስና ይረጋል፤ በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት በረጋው ደም ቦታ ለስላሳ ማያያዣ ይበቅላል፤ ይህም ቀስ በቀስ እየጠነከረ ወደ ዐጥንትነት ይለወጣል። የሕፃን ክንድ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ሊገጥም ሲችል፥ የዐዋቂ ሰው የጭን ዐጥንት ግን 3 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የአካሚው ሥራ ሦስት ነው፤ ይኸውም የተዛነፈውን ወደ ቦታው መመለስ፥ እስኪገጥም ድረስ እንዳይነቃነቅ መያዝ፥ ከገጠመም በኋላ ጡንቻውንና መገጣጠሚያውን ማለማመድ ነው። መንገዶቹ የሚለያዩት እነዚህን ሦስት ሥራዎች በሚፈጽሙበት መሣሪያ ነው።

ለ. የወጌሻ መንገድ

ወጌሻ ሙያውን የሚማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን፥ ብዙውን ጊዜ የአባቱን ወይም የዘመዱን እጅ እያየ ነው። የተጎዳውን ቦታ ቅቤ ቀብቶ ያሻል፤ በጣቱ እየዳበሰ ስብራት፥ ውልቃት ወይም ወለምታ መሆኑን ይለያል፤ ከዚያም ስቦ ካቃና በኋላ በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ ስንጥቅ ዙሪያውን ደግፎ በጨርቅ ወይም በገመድ ያስራል። ሙያው በሕዝቡ ዘንድ የተከበረ ነው። ዛሬም በእግር ኳስ ሜዳ ተጫዋች ተጎድቶ ሲወድቅ እየሮጠ የሚገባውን ባለሙያ ተመልካቹ «ወጌሻ» ብሎ ነው የሚጠራው። ደግሞም ወጌሻ ለመንደሩ ቅርብ ነው፤ የበሽተኛውን ቋንቋና ቤተ ሰብ ያውቃል፤ ቢላዋም አያነሣም።

ሐ. የሐኪም ቤት መንገድ

ሐኪሙም እንደ ወጌሻው ይዳብሳል፤ ነገር ግን በጣቱ ብቻ አይወሰንም። ጀርመናዊው ሊቅ ዊልሄልም ሮንትገን በ1895 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያገኘው ጨረር፥ ማለት እኛ ራጅ የምንለው፥ ሥጋን ሳይከፍቱ ዐጥንትን ለማየት አስችሏል። የጄሶ ፋሻ ደግሞ የሆላንድ ጦር ሐኪም የነበረው አንቶኒዩስ ማተይሰን በ1851 የሠራው ዘዴ ነው። በጄሶ የማይያዝ ስብራት በክብደት ይሳባል፥ ወይም በቀዶ ጥገና ተከፍቶ በብረት ይያያዛል። ቆዳን ቀድዶ የወጣ ስብራት ከሆነ ግን ጉዳዩ ከማቃናት ያልፋል፤ ቁስሉ በቶሎ ካልታጠበና መድኃኒት ካላገኘ ዐጥንቱ ይመረቅዛል፥ መንጋጋ ቈልፍም ሊከተል ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳት በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባዋል።

መ. አደጋው ከየት ይመጣል?

የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ያብጣል፤ በቀርከሃ የተያዘው እስር ግን አይሰፋም። እብጠቱ ወደ ውጭ መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፥ ደም ሥሮቹንም ይዘጋል። ደም ያጣ ጡንቻ በ6 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደማይመለስ ጉዳት ይደርሳል፤ እስሩ ሳይላላ ከሰነበተም እጁ ይጠቁራል፥ ይሞታል። ይህ የወጌሻ ጥፋት ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪካርድ ፎን ፎልክማን በ1881 በጻፈው ጽሑፍ፥ ጠባብ ፋሻ ጡንቻን ገድሎ እጅን እንደሚያኰራምት ገልጦ ነበር። ጄሶም ያለ ጥንቃቄ ሲታሰር ያንኑ ያደርጋል። ልዩነቱ፥ ሐኪም ቤት የታሰረው ሰው «ጣትህ ከደነዘዘ ተመለስ» መባሉ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አቃንቶ አሰረለት። ሌሊቱን ልጁ ከሕመሙ ብዛት ሲጮኽ፥ የቤቱ ሰዎች «ሕመሙ የመግጠም ምልክት ነው፥ ቻለው» አሉት። አያቱ ግን በኩራዝ ብርሃን ጣቶቹን ዳብሰው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘው ስላገኟቸው፥ ማንንም ሳይጠይቁ ገመዱን በቢላዋ በጠሱት። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከሚጽፉት እጆች አንዱ ያ እጅ ነው። «ሲቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ ያለ አያት የለውም። ብዙው ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣው እጁ ከጠቈረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ነፍሱን ለማዳን እጁን ከመቍረጥ በቀር ሌላ መንገድ አይኖርም። የመንደሩ ሰው የሚያየው ግን ከሐኪም ቤት ያለ እጅ የተመለሰውን ልጅ ነው፤ ስለዚህ «ሐኪም ቤት ከሄድህ ትቈረጣለህ» ይላል፥ የሚቀጥለውንም ልጅ ያዘገየዋል። ፍርሃቱ መዘግየትን፥ መዘግየቱም መቈረጥን ይወልዳል፤ መቈረጡም መልሶ ፍርሃቱን ያጸናዋል።

ሠ. የትምህርት ድርሻ

ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ወጌሻን መከልከል የሚበቃ አይመስለንም፤ ሐኪም ቤት በሩቅ እስካለ ድረስ ሕዝቡ በስውር ወደ እርሱ መሄዱን አይተውምና። አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት የተሻለ መንገድ ያመለክታል። ወጌሾች ተሰብስበው የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ፥ ከእስር የተነሣ የሚቈረጡ ሰዎች ቍጥር ቀንሶ ተገኝቷል።

እኛም የምንጨምረው አሳብ አለን፤ ሙያውን በእጅ የተማረ ሰው ማስጠንቀቂያውንም በእጁ ሊማረው ይገባል። ስለዚህ ከጽሑፍና ከንግግር ይልቅ የሚከተለው በተግባር ይታይ፤

፩ኛ. ጥፍርን ተጭኖ መልቀቅ፤ ቅላቱ በሁለት ሴኮንድ ገደማ ካልተመለሰ እስሩን ማላላት።

፪ኛ. ጣቶቹ ሁልጊዜ ከእስሩ ውጭ ሆነው እንዲታዩ ማድረግ።

፫ኛ. ጣት ሲቀዘቅዝ፥ ሲደነዝዝ፥ አልንቀሳቀስ ሲል፥ ወይም ሕመሙ እያደር ሲብስ ወዲያው ፈትቶ ወደ ሐኪም ቤት መላክ።

፬ኛ. ቆዳ የተቀደደበትን ስብራት ከመጀመሪያው አለማሰር፥ ነገር ግን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መላክ።

ይህ ትምህርት ለወጌሾች ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ከልጁ ጋር ለሚያድሩት እናቶችና አያቶችም ይገባል። በክረምቱ ዕረፍት ወደ የትውልድ አገራችን የምንመለስ ተማሪዎች ይህን ያህል ለማሳየት የሐኪም ማዕርግ አያስፈልገንም። በጽሑፋችን ውስጥ ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢያርመን ደስ ይለናል።