ከዲላ ወደ ደሴቶቹ፦ የቤተሰብ የሐይቅ ሳምንት እንዴት ይታቀዳል?

በዲላና በዙሪያዋ የጥር ወር መጨረሻ የእፎይታ ጊዜ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ትልቅ ትንሹን ሲያሯሩጥ የከረመው የቡና ለቀማ ያበቃል፤ እሸቱ ተሸጦ፣ ጀንፈሉ ተሰብስቦ ቤት ትንሽ ገንዘብ ይገባል። ተማሪዎችም የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና ጨርሰው ለጥቂት ቀናት ያርፋሉ። የበልጉ ዝናብ ገና አልመጣም። «ዘንድሮስ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም፦ ወይ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቤት፣ ወይ ሠርግ።

በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች ለተመሳሳይ ጥያቄ ሌላ መልስ አላቸው። ባለሸራ ጀልባ ለአንድ ሳምንት ይከራዩና ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። ግሪክ ብቻዋን ትንንሾቹን ጨምሮ 6,000 ያህል ደሴቶች አሏት፤ ሰው የሚኖርባቸው 227 ናቸው ይባላል። ለአብዛኞቻችን ያ ጉዞ በፓስፖርት፣ በቪዛና በውጭ ምንዛሪ የታጠረ ነው። ሐሳቡ ግን ሩቅ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከዲላ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ተደርድረዋል፤ ከእነዚህ መካከል ሰው የሚኖርባቸው፣ ገዳምም ያለባቸው ደሴቶች ያሉት ሐይቅ አለ።

ከሜዲትራኒያን ተጓዦች የምንማረው ግን ስለ ጀልባው ሳይሆን ስለ ዕቅዱ ነው። በኤጅያን ባሕር ላይ በበጋቸው፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ «ሜልተሚ» የሚሉት ብርቱ የሰሜን ነፋስ ይነሣል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ዕቅድ ሲያወጡ የመጀመሪያውን ቀን መንገድ አጭር ያደርጋሉ፤ በማለዳ ይነሣሉ፤ በሳምንቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ባዶ ይተዋሉ። ነፋስ ከያዛቸው ያን ቀን ወደብ ላይ ይውላሉ እንጂ ከዕቅዱ ጋር ግብ ግብ አይገጥሙም።

ይህ ሥርዓት ለእኛም ሐይቆች ልክ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ማለዳው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ ስትበረታና ቀኑ ሲያጋድል ነፋሱ ይነሣል፤ ውሃውም ይናወጣል። እንግዲህ የሐይቅ ሳምንት የሚታቀደው በመኪናው ወይም በሆቴሉ ሳይሆን በማለዳው ውሃ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይሰካካል።

የትኛው መስመር ይሻላል?

ከዲላ ለሚነሣ ቤተሰብ ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው የሰሜኑ ነው፦ ሐዋሳ፣ ባቱ (የቀድሞዋ ዝዋይ) እና ላንጋኖ። ሁለተኛው ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ አባያና ጫሞ ሐይቆች የሚወስደው ነው።

አባያ በካርታ ላይ ሲታይ ለዲላ ቅርብ ነው፤ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ይገኛል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ በስፋት የሚበልጠውም እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በተለመደው የአስፋልት መንገድ አርባ ምንጭ ለመድረስ በሐዋሳ፣ በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ መዞር ያስፈልጋል፤ ይህም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጫሞ ደርሶ ግዙፎቹን አዞዎችና ጉማሬዎቹን በጀልባ ማየት የማይረሳ ነገር ነው፤ ሆኖም ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤተሰብ ከሳምንቱ ሁለት ቀን ያህል መንገድ ይበላዋል።

የሰሜኑ መስመር ግን ከዲላ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ እስከ ባቱ ደግሞ ከ120 ብዙም የማይበልጥ ነው። ላንጋኖ በሻሸመኔና በባቱ መካከል ስለሆነ ለመመለሻ ማረፊያ ይሆናል። ደሴቶቹም ያሉት በዚሁ መስመር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ የምንመክረው ይህን ነው። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሳምንት ማጣመር «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሆናል።

ሰባቱ ቀናት

ቅዳሜ፦ ከዲላ ረፈድ አድርጎ ተነሥቶ ሐዋሳ ማደር። የመጀመሪያው ቀን አጭር ይሁን፤ ልጆቹ ሳይደክሙ ሐይቁ ዳር በእግር ይንሸራሸሩ።

እሑድ፦ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ይሂድ፤ የቀረው የዕረፍት ነው። በእሑድ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ዳር በሰው ስለሚጨናነቅ ጀልባውን ለነገ ተዉት።

ሰኞ፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ የአንድ ሰዓት የጀልባ ሽርሽር። ይህ ለመዝናናት ብቻ አይደለም፤ ፈተና ነው። ማን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚያጥወለውል፣ የትኛው ልጅ አርፎ መቀመጥ እንደማይችል የሚታወቀው እዚህ ነው። ከዚያ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጎራ ብሎ ትኩስ የዓሣ ሾርባ መጠጣት፤ አባ ኮዳዎቹ ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር ትርፍራፊ ሲሻሙ ለልጆቹ ትልቅ ትርኢት ነው። ጥሬ ዓሣ መብላት የሚወዱ ሰዎች እዚያ ታያላችሁ፤ ለልጆች ግን የበሰለውን ብቻ ስጡ። ከሰዓት በኋላ ወደ ባቱ ጉዞ።

ማክሰኞ፦ የደሴቱ ቀን። የባቱ ሐይቅ፣ ደምበልም ይባላል፣ አምስት ዋና ዋና ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው፤ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለው በዚሁ ደሴት ነው። እንደ ትውፊቱ በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ለብዙ ዓመታት የተጠለሉት እዚህ ነው፤ ገዳሙ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም አሉት። የደሴቶቹ ነዋሪዎች የዛይ ሕዝብ ናቸው። ከአማርኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ሴማዊ ቋንቋ አላቸው፤ ኑሯቸውም ዓሣ ማጥመድና የተራራውን ጎን በእርከን ደግፎ ማረስ ነው። ቱሉ ጉዶ ከባቱ ራቅ ስለሚል በማለዳ ተነሡ፤ ከደሴቱም ከረፋዱ 5 ሰዓት ሳያልፍ ተነሥታችሁ ተመለሱ። ሰኞ ዕለት ጀልባው የከበደው ሰው ካለ ለከተማው ቀረብ የሚለውን ደብረ ሲናን ወይም ገሊላን ምረጡ። ማንም አልቀረበትም፤ ደሴት ደሴት ነው።

ረቡዕ፦ ባዶ ቀን። ማክሰኞ ነፋስ ከነበረ የደሴቱ ጉዞ ወደዚህ ይዛወራል። ካልነበረም ማረፍ ነው። «ገንዘብ ከፍለን ዝም ብለን እንቀመጥ?» የሚል ሰው በየቤተሰቡ አይጠፋም። የዚህ ቀን ዋጋ ግን የሚገባው ማክሰኞ ማለዳ ሐይቁ ሲናወጥ ነው። መጠባበቂያ ቀን ያለው አባወራ ጀልባ ነጂውን «ግድየለም፣ ነገ» ይለዋል፤ የሌለው ደግሞ «እንሞክረው» ይላል። አደጋው ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው።

ሐሙስና ዓርብ፦ ላንጋኖ። ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ልጆች ውሃ ውስጥ የሚገቡበት ቦታ ይህ ይሁን። ማደሪያዎቹ ከዋናው አስፋልት ገባ ስለሚሉ በሕዝብ ትራንስፖርት የምትሄዱ ከሆነ ከመገንጠያው የሚቀበላችሁ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቅዳሜ፦ ወደ ቤት።

ውሃው ላይ ከመውጣት በፊት

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የጌዴኦ ደጋ ልጅ ገደል መውጣት ያውቃል፤ ዋና ግን አብዛኛው አያውቅም፤ ወላጆቹም እንደዚያው። ስለዚህ የሚከተሉት ለድርድር የሚቀርቡ አይደሉም።

የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው ይኑር። ቁልሉን ማየት አይበቃም፤ ልበሱትና ማሰሪያውን እሰሩ። ልጁን ከትከሻው ላይ ጃኬቱን ይዛችሁ ወደ ላይ ስትስቡት ጃኬቱ በጭንቅላቱ ሾልኮ የሚወጣ ከሆነ ልኩ አይደለም። የልጅ ልክ እንዳላቸው ከዲላ ሳትነሡ በስልክ ጠይቁ። ከሌላቸው ልጁ ዳር ላይ ይቅር።

ጀልባው ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠይቁ፤ ከዚያ በላይ ሲጫን ካያችሁ ውረዱ። መለዋወጫ መቅዘፊያና በቂ ነዳጅ መኖሩን እዩ። ውሃው ላይ ሳላችሁ ፎቶ ለመነሣት የሚቆም፣ ቦታ የሚቀያየር፣ እጁን ውሃ ውስጥ የሚነክር አይኑር። ለእያንዳንዱ ትንሽ ልጅ አንድ ኃላፊ ዐዋቂ መድቡ፤ «ሁላችንም እናየዋለን» ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው። ሐዋሳም ሆነ ባቱ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ከሩቅ የሚታይ እንስሳ ነው፤ ጀልባ ነጂው ጉርሻ ፈልጎ ቢያስጠጋችሁ አመስግናችሁ «ራቅ በል» በሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ቤት ሳላችሁ ተስማሙ፦ ከቤተሰቡ ማንም ሰው፣ አያትም ትሁን የስድስት ዓመት ልጅ፣ «እንመለስ» ካለ ጀልባው ይመለሳል፤ ማንም አይስቅበትም። ይህ ውል ፈሪውን ብቻ ሳይሆን፣ ፈርቶ ለመናገር ያፈረውንም አባት ይጠብቃል።

ገንዘቡ ከየት ይጀምራል?

ብዙ ቤተሰብ በጀት ሲያወጣ ከሆቴሉ ይጀምርና ለጀልባው የተረፈውን ይመድባል። ውጤቱ በመጨረሻው ቀን ርካሹና የተጨናነቀው ጀልባ ላይ መውጣት ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ የጀልባውን ዋጋ በስልክ ጠይቃችሁ ለብቻው አስቀምጡ፤ ቀጥሎ መጓጓዣ፣ ማደሪያና ምግብ። ከጠቅላላው ደግሞ አንድ አሥረኛውን ለመጠባበቂያ አትንኩት።

ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በጀልባው ነው። ስለዚህ ሁለት ቤተሰብ ቢጣመር የጀልባውም የሚኒባሱም ወጪ ለሁለት ይከፈላል፤ የጀልባው ልክ ግን አይታለፍ። ዋጋ ስትስማሙ አራት ነገሮችን አስለዩ፦ ደርሶ መልስ ነው ወይ? ደሴቱ ላይ የሚጠብቅበትን ይጨምራል ወይ? ነዳጁ የማን ነው? በነፋስ ምክንያት ብንቀር ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለነገ ይተላለፋል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ገንዘቡ እንዳይቀር ሲል ነፋስ ውስጥ የሚገባ ሰው ብዙ ነው።

ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ?

የዲላ ሰው ስንቅ መቋጠር አይቸግረውም፤ ቆጮውና የተቆላው ቡና ከቤት ቢሄዱ ወጪ ይቀንሳሉ። ከዚያ ውጪ፦ ሰፋ ያለ ባርኔጣ፣ ለማለዳው ብርድ ሹራብ፣ ለስልክና ለገንዘብ ውሃ የማያስገባ ፕላስቲክ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ለሚያጥወለውለው ሰው ሎሚና የላስቲክ ከረጢት። የወባ ትንኝ ስላለ አጎበር አትርሱ፤ ከጉዞው በኋላ ትኩሳት የሚሰማው ሰው የት እንደነበረ ለሐኪሙ ይንገር። በሐዋሳና በባቱ ዳርቻ ሣርና ቄጠማ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ልጆች እንዳይንቦጫረቁ ተጠንቀቁ፤ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። ገዳም ስትገቡ ነጠላ ያስፈልጋል፤ ጫማ ይወልቃል። ፎቶ ከማንሣት በፊት ካህናቱን፣ የደሴቱንም ሰዎች አስፈቅዱ።

ከመነሣታችሁ ሁለትና ሦስት ቀን በፊት የመንገዱን ሁኔታና የነዳጁን ነገር በመስመሩ ከሚሠሩ ሾፌሮች ጠይቁ። መንገዱ ካልተመቸ ቀኑን ግፉት።

ልጆቹ ከቱሉ ጉዶ ሲመለሱ የሚያወሩት አንድ ነገር መኖሩ አይቀርም፦ ተራራውን በድንጋይ ደግፈው የሚያርሱትን ሰዎች። ያን ጊዜ የገዛ አገራቸውን አስታውሷቸው። በቡና፣ በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ተዳቅሎ የቆመው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ትክል ድንጋዮቹም የዚሁ ቅርስ አካል ናቸው። ለቀጣዩ ዓመት ዕረፍት የዛይ ልጆች ወደ ጌዴኦ ቢመጡ ልጆቻችሁ ምን ያሳዩአቸው ነበር? በመልስ መንገድ ላይ ጠይቋቸው። ከሐዋሳ እስከ ዲላ ያለው 90 ኪሎ ሜትር ለመልሱ ይበቃል።