አንድ ቁልፍ፣ በርካታ ፊደላት፦ በማሽን መቆጣጠሪያ ገበታ ላይ ጽሑፍን በትክክል ለማስገባት

በስኳር፣ በሲሚንቶና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ኦፕሬተሩ ከማሽኑ ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው አነስተኛ ስክሪንና ቁልፎች ባሉት የመቆጣጠሪያ ገበታ አማካይነት ነው። የሙቀት መጠንን፣ የምርት መለያ ቁጥርንና የይለፍ ቃልን የሚያስገባውም በዚሁ ገበታ ነው። ገበታው አቧራና ውኃ እንዳይገባበት ተደፍኖ የሚሠራና ብዙውን ጊዜ ጓንት ባጠለቀ እጅ የሚነካ በመሆኑ ቁልፎቹ ትላልቅና ጥቂት እንዲሆኑ ይፈለጋል። በዚህም ምክንያት አንድ ቁልፍ አንድ አኃዝና በርካታ ፊደላትን እንዲሸከም ይደረጋል። ባለብዙ እርከን ቁልፍ የሚባለው ይህ ነው።

ወደ ተፈለገው እርከን ለመድረስ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሺፍትን የመሰለ መቀየሪያ ቁልፍ ይዞ ሌላውን መጫን ነው። ሁለተኛው አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ነው። አይኤስኦ/አይኢሲ 9995 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የእርከኖችን አሰያየም የሚደነግግ ሲሆን፣ በአኃዝ ቁልፎች ላይ የላቲን ፊደላት የሚደለደሉበትንም ሥርዓት ይዟል። በዚህም መሠረት ቁጥር 2 ኤ፣ ቢ እና ሲን፣ ቁጥር 7 ደግሞ ፒ፣ ኪው፣ አር እና ኤስን ይይዛል። ድልድሉ በስልክ ቁልፎች ላይ የሚታወቀው ነው።

ገበታውን የሚያዘጋጀው ባለሙያ በቅድሚያ የሚወስነው የምልክቶቹን ቅደም ተከተል ነው። ለአብነት ያህል "ኤ27" የሚል የምርት መለያ የሚያስገባ ኦፕሬተር ፊደላቱ አስቀድመው በተደረደሩበት ገበታ ላይ ለኤ 1፣ ለ2 አራት፣ ለ7 አምስት ጊዜ፣ በድምሩ 10 ጊዜ መጫን ይኖርበታል። አኃዙ አስቀድሞ ቢመጣ ግን 4 ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። በመሆኑም አኃዝ በሚበዛበት የመረጃ ሣጥን ውስጥ አኃዝን ማስቀደም፣ ቁጥር ብቻ በሚገባበት ደግሞ ፊደላቱን ጨርሶ መዝጋት ይመረጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥበቃ ጊዜ ነው። ገበታው ቀጣዩን ንክኪ የዚያው ፊደል ቅያሪ አድርጎ የሚቆጥረው ለአጭር ጊዜ ነው። ጊዜው እጅግ ካጠረ፣ ጓንት ያጠለቀ ሠራተኛ ቢ ለማለት 2ን ሁለት ጊዜ ሲጫን ኤኤ ሊጻፍበት ይችላል። ጊዜው ከረዘመ ደግሞ "ኤ2"ን የመሰሉ፣ በአንድ ቁልፍ ላይ የሚገኙ ተከታታይ ምልክቶች ሥራውን ያጓትታሉ። ስለዚህ ጊዜው መወሰን ያለበት በቢሮ ሳይሆን በሥራው ቦታ፣ በሠራተኛው እጅ ተሞክሮ ነው።

ሦስተኛው፣ ስክሪኑ የሚያሳየውና ማሽኑ የተቀበለው መረጃ አንድ መሆኑ ነው። የዚህ መጓደል የሚያስከትለውን አደጋ ከፋብሪካ ውጭ የደረሰ አንድ ክስተት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ታይለር ከተማ ቴራክ-25 የተባለ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ኦፕሬተር ኤክስ የሚለውን ፊደል በስህተት አስገብታ ወዲያው ወደ ኢ አረመችው። ስክሪኑ እርማቱን ቢያሳይም፣ እርማቱ የተደረገው መሣሪያው በሚሰናዳባቸው 8 ሰከንዶች ውስጥ በመሆኑ በተሟላ ሁኔታ አልተመዘገበም። በዚያው ዓመት በከተማዋ በዚሁ ጉድለት ከመጠን ያለፈ ጨረር ያገኛቸው ሁለት ታማሚዎች ሕይወታቸው አልፏል። በመሆኑም ገበታው የገባውን መረጃ ከማሽኑ መልሶ በማንበብ ማሳየትና ማረጋገጫ መጠየቅ ይገባዋል። የድንገተኛ ማቆሚያ ደግሞ በየትኛውም እርከን ውስጥ ሊደበቅ አይገባም፤ ራሱን የቻለ ቁልፍ ሊኖረው ግድ ነው።

የግዕዝ ፊደል ሲታሰብ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። 33ቱ ፊደላት ከነ7 ሆሄያቸው 231 ይሆናሉ። እነዚህ በ8 ቁልፎች ላይ ቢደለደሉ አንዱ ቁልፍ 29 ያህል ሆሄያትን መሸከም ስለሚኖርበት ደጋግሞ መጫን አያዋጣም። የተሻለው መንገድ ሁለቱን ተግባር መለየት ነው። ኦፕሬተሩ መጀመሪያ "መ"ን ይመርጣል፤ ቀጥሎ 4ን ሲጫን ራብዑ "ማ"፣ 6ን ሲጫን ሳድሱ "ም" ይወጣል። በዚህ አሠራር 33ቱ ፊደላት በ9 ቁልፎች ላይ ሲደለደሉ ለአንዱ ቁልፍ ከ4 አይበልጡም።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ባይት ብቻ የሚመድቡ ገበታዎች ይህን መለያ ሊቀበሉ አይችሉም። ዩቲኤፍ-8 በተሰኘው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 20 የላቲን ፊደላት በሚበቃው ቦታ የሚገባው 6 ሆሄ ብቻ ነው። ስለሆነም ማሽን የሚገዛ ድርጅት የመረጃ ሣጥኑን ስፋትና የፊደሉን መኖር ከግዥው በፊት ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚመከረው ግን የሚጻፈውን መቀነስ ነው። የምርት ዓይነትን ከዝርዝር መምረጥ፣ የመለያ ቁጥርን በባርኮድ ማንበብ የሚቻል ከሆነ የስህተቱ በር ይጠባል። ቀሪው ጽሑፍ ደግሞ ገበታውን በየዕለቱ የሚጠቀምበት ሠራተኛ በሚያውቀው ቋንቋና በሚመቸው ቅደም ተከተል ሊዘጋጅ ይገባል።