አንድ ሞኒተር ለብዙ ኮምፒዩተሮች፤ ተረትና እውነታ

በአንድ ጠረጴዛ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተርና የግሉን አኑሮ፣ አልፎ አልፎም ሰርቨር ጨምሮ መሥራት በዛሬው ዘመን የብዙ ሠራተኛ ግብር ሆኗል። ለእያንዳንዱ ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ መግዛት ለገንዘብም ለቦታም የሚከብድ ስለ ሆነ፣ እነዚህን ሦስት ዕቃዎች በየተራ ከሁሉም ጋር የሚያገናኝ ኬቪኤም ስዊች የሚባል መሣሪያ ተበጅቷል። ይሁን እንጂ ስለ መሣሪያው የሚነገረው ሁሉ እውነት ስላልሆነ፣ ገዥው በከንቱ ወጪ እንዳይጐዳ ሐሰቱን ከእውነቱ መለየት ይገባል።

ተረት፦ መሣሪያው ኮምፒዩተሮቹን አዋሕዶ አንድ ብርቱ ኮምፒዩተር ያደርጋቸዋል።

እውነታ፦ አጋፋሪ እንግዶችን በየተራቸው ወደ አዳራሽ ያስገባል እንጂ እርስ በርሳቸው እንደማያዛምዳቸው ሁሉ፣ ይህም መሣሪያ በሰው እጅና ዐይን እንዲሁም በኮምፒዩተሮቹ መካከል ሆኖ ያገናኛል እንጂ ኮምፒዩተሮቹን አያዋሕድም፤ እያንዳንዱ በራሱ ፕሮሰሰርና በራሱ ሜሞሪ ጸንቶ ይኖራል። ወደ ሌላው ስንዘዋወር የተውነው አይጠፋም፤ የጀመረውን ሥራ ይቀጥላል። ፋይልም በኪቦርድና በማውስ መስመር ከአንዱ ወደ አንዱ አይሻገርም። ነገር ግን በመሣሪያው ተጨማሪ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ የተሰካ ፍላሽ ከተመረጠው ኮምፒዩተር ጋር አብሮ ስለሚዘዋወር፣ ቫይረስ ይዞ ሊሻገር ይችላልና ጥንቃቄ ያሻዋል።

ተረት፦ ሞኒተሩ ሁለት የኤችዲኤምአይ መግቢያ ካለው ሌላ ነገር አያስፈልግም።

እውነታ፦ በሞኒተሩ መግቢያ የሚለወጠው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ ኪቦርዱና ማውሱ በተሰኩበት ኮምፒዩተር ላይ ይቀራሉ። አንዳንድ ሞኒተር ኬቪኤም በውስጡ ስላለው ይህ ችግር የለበትም፤ ለእርሱም ቢሆን ከየኮምፒዩተሩ የሥዕል ገመድ ብቻ ሳይሆን የዩኤስቢ ግንኙነትም ሊደርሰው ያስፈልጋል። ስፕሊተር የሚባለው ደግሞ የአንዱን ኮምፒዩተር ሥዕል ለብዙ ሞኒተር የሚያካፍል፣ ተግባሩም የኬቪኤም ስዊች ተቃራኒ የሆነ ዕቃ ነውና አንዱን በሌላው ቦታ መግዛት አይገባም።

ተረት፦ በኔትወርክ የሚሠራ ፕሮግራም መሣሪያውን ፈጽሞ ይተካዋል።

እውነታ፦ ሲነርጂ፣ ባሪየርና የማይክሮሶፍቱ ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ አንዱን ኪቦርድና ማውስ ለብዙ ኮምፒዩተር በእርግጥ ያካፍላሉ፤ ሞኒተርን ግን አያካፍሉም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱን ሞኒተር ይሻል። ከዚህም በላይ ሥራቸው የሚጀምረው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከተነሣ በኋላ ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ሳይነሣ ቀርቶ ባዮስ በሚባለው የመነሻ ማስተካከያ ውስጥ መግባት ግድ ቢሆን አይረዱም፤ ኬቪኤም ስዊች ግን ከፕሮግራም ውጭ ስለሚሠራ በዚያች ሰዓት ይደርሳል።

ተረት፦ ማንኛውም ስዊች ለማንኛውም ሞኒተር ይበቃል።

እውነታ፦ ኤችዲኤምአይ 1.4 በሴኮንድ እስከ 10.2 ጊጋቢት ስለሚያሳልፍ የ3840 በ2160 ፒክስል ሥዕልን በ30 ሄርትዝ ብቻ ያሳያል፤ ኤችዲኤምአይ 2.0 ግን እስከ 18 ጊጋቢት አሳልፎ በ60 ሄርትዝ ያሳየዋል። ከኮምፒዩተሩ፣ ከገመዱ፣ ከስዊቹና ከሞኒተሩ አንዱ ደካማ ቢሆን የሌሎቹ ብርታት አይጠቅምም። ሞኒተር ማንነቱን ለኮምፒዩተር የሚገልጽበት ኢዲአይዲ የሚባል መረጃም አለው፤ ርካሹ ስዊች በዘወረ ቁጥር ይህን መረጃ ስለሚያቋርጠው ኮምፒዩተሩ ሞኒተሩ የተነቀለ መስሎት የተከፈቱትን መስኮቶች ያዘበራርቃል፤ ኢዲአይዲውን ለየኮምፒዩተሩ ጠብቆ የሚያቆየው ግን ከዚህ ያድናል።

ተረት፦ ኪቦርዱ በአንዱ ኮምፒዩተር አማርኛ ከጻፈ በሌሎቹም ይጽፋል።

እውነታ፦ ኪቦርድ የሚልከው የተነካውን ቁልፍ መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያንን ቁጥር ወደ ፊደል የሚለውጠው በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። ምንም እንኳ ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ቢገኝ፣ የአማርኛ መጻፊያውን በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ፣ ያውም በአንድ ዓይነት የቁልፍ አቀማመጥ፣ መጫን ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንዱ ቁልፍ በየኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ፊደል ያወጣል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ገበያ ከመውጣትህ አስቀድሞ የኮምፒዩተሮችህን ቁጥር፣ የገመዶቻቸውን ዓይነትና የሞኒተርህን ፒክስልና ሄርትዝ በወረቀት ጻፍ፤ ሻጩንም ስዊቹ ኢዲአይዲ ይጠብቅ እንደ ሆነ ጠይቅ፤ ይህን አረጋግጠህ ካልሆነ በቀር ዋጋው ስለ ረከሰ ብቻ አትግዛ።