የነሐሴ ድስት የሚወሰነው በጥር ነው

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች ብርዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል። አንደኛው ዝናብና ጉም በሚፈራረቁበት ሐምሌና ነሐሴ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ሁለቱም ወቅቶች ጾም ያገኛቸዋል። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ቤተሰብን የሚያሞቅ ምግብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለዚህ የገብስ ሾርባ ይመረጣል፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ድንችና ጎመን የደጋው የራሱ ምርቶች ናቸውና።

ይሁን እንጂ ምርቱ ሁልጊዜ ከድስቱ አይደርስም። በጥር ከአውድማ እንደገባ የተሸጠ እህል በነሐሴ ከገበያ በውድ ይሸመታል። ለሾርባ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው። ስድስት ሰው ላለበት ቤት በሳምንት 3 ጊዜ ቢሠራ፣ ለ3 ወር የሚበቃው 8 ኪሎ ግራም ያህል የገብስ ክክና 4 ኪሎ ግራም ያህል የባቄላ ወይም የአተር ክክ ነው። ይህን በደንብ አድርቆ፣ ነቀዝ እንዳይበላው አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ከሽያጩ በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

ለአንድ ጊዜ 1 ብርጭቆ የተፈተገ የገብስ ክክ፣ ግማሽ ብርጭቆ የባቄላ ክክ፣ 3 ድንች፣ 2 ካሮት፣ አንድ እፍኝ የተከተፈ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 3 ሊትር ውኃ ይበቃል። ገብሱና ባቄላው ማታ ተዘፍዝፈው ያድራሉ። ሽንኩርቱ በዘይት ከተቁላላ በኋላ ውኃውና ክኩ ይገባል፤ ክኩ ሲለሰልስ ድንቹና ካሮቱ ይጨመራሉ። ጎመኑ መጨረሻ ላይ ገብቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ ይበስላል። አዮዲን ያለው ጨው የሚጨመረው ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው። አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዛማነት ስላለው መግባት የለበትም።

መዘፍዘፉ ችላ የሚባል ሥራ አይደለም። 2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በመሆኑ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። ያልተዘፈዘፈ ክክ ብዙ ማገዶ ይጨርሳል። ማገዶው ኩበት ከሆነ ደግሞ ለማሳው ማዳበሪያ መሆን የነበረበት እየነደደ ነው።

ገብስና ባቄላ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ዓይነት ሌላው ይሞላል። ቀጭን ሾርባ ግን የሕፃን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ከ6 ወር በላይ ለሆኑ ሕፃናት ወፍራሙ ክፍል ተፈጭቶ ይሰጣል። በጾም ወቅትም ለእነርሱ እንቁላል ወይም ወተት የሚዘጋጅበት ትንሽ ድስት ለብቻ ቢኖር፣ ዕቃው ይነካል በሚል ስጋት ሳይመገቡ አይቀሩም።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው። የወረዳ ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ይህን ግብ በዕቅዳቸው ሲያስቀምጡ የወር አቆጣጠሩንም ሊያዩት ይገባል። ካሮት ለመድረስ 3 ወር ገደማ ስለሚፈልግ፣ ለነሐሴ የታሰበው ውኃ ባለበት ጓሮ በሚያዝያ መጨረሻ መዘራት አለበት። የጎመን ችግኝም ከሰኔ በፊት ይተከላል። ዘሩ ከክረምቱ ጋር ከደረሰ ዘግይቷል። የልማት ሠራተኛው ስለ ጓሮ አትክልት በሚያዝያ፣ ስለ እህል ማስቀመጥ በጥር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ስለ አበሳሰሉ በሰኔ ቢያስተምሩ፣ የደጋው ምርት ብርዱ ሲመጣ ከደጋው ድስት ይገኛል።